ለሰው ሰርግ ሠላሳ ሰባት እሁድ

ከመካኒሳ እስከ ለቡ እንደኔ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው የለም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። እኔ ያነጠፍኩት ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጥ ብይዋ የምትንከባለልበት ታጣና ባለችበት ትቀራለች። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን አንድ ክፍል በዓይኔ አይቼ ስንት ካርቶን ሴራሚክ እንደሚፈጅ ስናገር ኢንጂነሩ ገና ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ነው። እንግዲህ ይሄ ጭንቅላት ነው ለሰው ሰርግ ብሎ ሰባ አራት ሺህ ብር ዕዳ ውስጥ ዘሎ የገባው።

ዕዳው አሁን አልቋል። ካለቀ ወር አልሞላውም። እንዴት እንደገባሁበትና እንዴት እንደወጣሁ የማወራው ግን ሰው እንዲማርበት አይደለም። ሰው አይማርም፤ እኔም የተማርኩት ተገድጄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እቁብ ላይ ነው። መካኒሳ አንድ ሥጋ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን፤ አርባ ሰው ነን። ግማሹ የግንባታ ሠራተኛ፣ ግማሹ ሱቅ ያለው። ሁለት ሁለት ሺህ ብር እንጥላለን፣ እጣ የወጣለት ሰማንያ ሺውን ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የወሰደ ሰው ከዚያ በኋላ በየእሁዱ እየከፈለ መቆየት አለበት፤ በልቶ እንዳይጠፋ ደግሞ ዋስ ያቆማል። ዳኛችን ሲሚንቶ የሚቸረችሩ ሴትዮ ናቸው። ዋስ ሳይፈርም ከሳቸው እጅ ብር ማውጣት ከደረቀ ሲሚንቶ ውሃ እንደመጭመቅ ነው።

ለእኔ በሦስተኛው እሁድ ወጣልኝ። ጮህኩ፣ ተሳሳምን፣ ከዚያ ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው "ዋስህን ጥራ" አሉኝ።

ዋሴ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ማለት ታክሲ መያዣው ጋ በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጹት ሰውዬ ናቸው። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ቁልፍ አምስቴ ጥዬ አምስቴም የቀረጹልኝ እሳቸው ናቸው፤ አራቱን በነጻ። የሚቀርጹባት ማሽን ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ስትሠራ ጥርሷን እንዳመማት ሰው ነው የምታቃስተው። ጋሼ ከሷ ሌላ ምንም የላቸውም።

እዚያው እቁቡ ቤት ብዕሩን ይዘው ጠየቁኝ።

"አንተ ልጅ፣ ብሩን ምን ልታደርግበት ነው?"

"ማሽን ልገዛበት ነዋ ጋሼ! የሴራሚክ መቁረጫ፣ የራሴን። አዲስ፣ ትልቁን። ከዚያ ወዲያ ሥራ በራሴ ነው የምይዘው፣ ሰው ሥር አልሠራም።"

"የራስህን?"

"የራሴን።"

ዳኛዋ ጣልቃ ገቡ። "ልጁ ቢቀርብን ምን ይከፍሉናል?"

"ማሽኔ አለች አይደል? እሱ ካልከፈለ እሷን ውሰዱ" አሉና ፈረሙ።

እኔ በዚያ ሰዓት አልዋሸሁም። በእናቴ፣ ማሽኑን ልገዛ ነበር። ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ። ውሸት የሆነው ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

በስምንተኛው ቀን አብሮ አደጌ መጣ። ጎፋ አብረን ነው ኳስ የተጫወትነው፤ ያን ጊዜም ጎል ሲገባበት ኳሱ ተንፍሷል የሚል ዓይነት ልጅ ነበር። ሊያገባ ነው። ትከሻዬን ይዞ "አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አላሰብኩም" አለኝ። ሌላ ሁለት ሰው አስቦ እምቢ እንዳሉት የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ግን ደረቴ ተነፋ። አንደኛ! ከፊት የሚቆም፣ ከሙሽራው ቀጥሎ ካሜራ የሚያየው! ማሽን የትም አይሄድም አልኩ፤ ሰርግ ግን አንዴ ነው አልኩ። የሰውዬው ሰርግ እንጂ የእኔ አለመሆኑን ያስታወሰኝ አልነበረም።

ሰርግ ያላየ ሰው ሚዜነት ቆሞ መሳቅ ይመስለዋል። መጀመሪያ ሱፍ ነው። ሙሽሪት ቀለሙን መርጣለች፤ የበሰለ ቀይ ሥር ዓይነት ነገር፣ ከወርቃማ ሰደርያ ጋር። እሱን ለብሰህ ሌላ ቦታ ብትሄድ ሰርከስ መቼ ይጀመራል ብለው ይጠይቁሃል። አሥራ ስምንት ሺህ። ለመልሱ የሀገር ባህል ልብስ፣ ለቅልቅሉ ደግሞ ሌላ፤ ሦስት ልብስ በአንድ ሳምንት። እኔ እኮ በሕይወቴ ሦስት ልብስ አንድ ላይ ኖሮኝ አያውቅም። ከዚያ ቢሾፍቱ ወስደን ሙሽራውን ካላዝናናን ሚዜ አይደለንም ተባለ፤ ሄድን። መኪና ኪራይ የአንደኛ ሚዜ ነው ተባለ፤ ከፈልኩ። ስጦታውን ሚዜዎች ተዋጥተን ፍሪጅ ገዛን፤ የሙሽሪት እናት ከፈቱት፣ ወደ ውስጥ አዩ፣ ዘጉት፣ "ትንሽ አነሰች" አሉ።

የሰርጉ ዕለት ቪዲዮ አንሺው አንድ መናፈሻ ወስዶ ስድስት ጊዜ አንድ ደረጃ አስወረደን። "ሳቁ! በተፈጥሮ ሳቁ!" ይላል። በስድስተኛው አልቅሼ ነበር የወረድኩት። ማታ መድረክ ላይ ግን እስክስታውን እኔ ነኝ ያወረድኩት፤ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነው ያየኝ። በኋላ ቪዲዮው ወጣ፤ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ነው። እኔ ጭፈራዬ ላይ ስደርስ አንሺው ኬክ ማንሳት አምሮታል። ሰማንያ ሺህ ብር ከፍዬ የታየው ክርኔ ነው።

ከሰርጉ በኋላ በኪሴ የቀረኝ ለሁለት እሁድ የሚሆን ነበር። ከፊቴ ያለው ደግሞ የሠላሳ ሰባቱ እሁድ አብዛኛው።

እንግዲህ ማሽን ስለሌለኝ ማሽን እከራያለሁ። ጎፋ አንድ የዕቃ አከራይ አለ፤ መቁረጫውን በቀን በሦስት መቶ ብር ይሰጣል። ጠዋት ሄጄ እወስዳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ሰውዬው ሲያየኝ ፊቱ ይበራል፤ "የእኔ ደንበኛ!" ይልና ከውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ያስቀምጠኛል፤ አንዳንዴ ሻይ ያዝልኛል። እኔ ደግሞ ተከብሬያለሁ ብዬ እግሬን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። አሁን ሳስበው ወንበሩንም ሻዩንም የገዛሁት እኔ ነኝ።

ዓመቱ አጋማሽ ላይ ጀሞ የምንሠራው ፎቅ ቆመ። ባለቤቱ ብር አጠረኝ አለና የዘበኛውን ቁልፍ ሳይቀር ይዞ ጠፋ። የሠራሁበትም ቀረብኝ። አንድ እሁድ አልሄድኩም። በሁለተኛውም አልሄድኩም፤ ስልኬንም አጠፋሁ። እንዲህ ዓይነት ጀግና ነኝ። ሙሽራው ጋ ሄጄ "ሁለት ሺህ ብር ብቻ፣ ለሳምንት" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ወንድሜ፣ አሁን እኮ ባለትዳር ነኝ።"

"ያጋባሁህ እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"እሱማ ነህ፤ ግን ወጪ አለብኝ። ሳታገባ አይገባህም።"

ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው ይሄን የሚለኝ። ከጀርባው የእኔ ፍሪጅ ይጮሃል።

ማክሰኞ ዕለት በታክሲ መያዣው ሳልፍ ከጋሼ ሱቅ አጠገብ ድንች የምትጠብሰው ሴትዮ ከሩቅ አየችኝ። ድምፅዋ ደግሞ የታክሲ ረዳት ያስቀናል።

"አንተ ሚዜ! የሰውዬው ማሽን ሊሄድልህ ነው! ና እየው!"

ለካ ጠዋት ዳኛዋና የእቁቡ ጸሐፊ መጥተው ነበር። ጋሼን "ልጁ ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ ምን ይሻላል?" ብለዋቸዋል። ጋሼ አልተከራከሩም፣ እኔንም አልሰደቡም። ማሽኗን ከሶኬት ነቀሉ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና "ይቻት" አሉ። ዳኛዋ ደንግጠው "ኧረ ይተዉ፣ እስከ እሁድ እንጠብቃለን" ብለው ሄዱ። ጋሼ ግን መልሰው አልሰኩም። እኔ ስደርስ ማሽኗ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነች፣ ገመዷ ተጠቅልሎ ከላይዋ ተቀምጧል። አንድ ሰው ቁልፍ ሊያስቀርጽ መጥቶ "ዛሬ አልሠራም፤ ማሽኗ የእኔ ትሁን የእቁቡ ገና አልታወቀም" እያሉ ይመልሱታል።

እኔን አዩኝ።

"ማሽንህ ደህና ናት?" አሉኝ።

ለሁሉም ነገር ቀልድ አለኝ፤ ቀብር ላይ ሰው አስቄ ተባርሬ አውቃለሁ። ለዚህ ግን እውነቱን ብቻ ነው ያገኘሁት።

"ጋሼ፣ አልገዛሁም። ሰርግ ነበር።"

"የማን?"

"የጓደኛዬ።"

የማሽኗን ገመድ አስተካከሉ። ከዚያ "ሚስቱ ደህና ናት?" አሉኝ።

በቃ፣ ይሄው ነው። ቢሰድቡኝ ኖሮ ተሰድቤ እገላገል ነበር።

ያን ቀን ሱፉን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁትና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ሳይመሽ ከብስራተ ገብርኤል አንድ ልጅ ደወለ፤ ሁለተኛ ሚዜ ሊሆን ነው፤ ቀለሙ የእነሱ ሙሽሪት የመረጠችው ቀለም ነው። የበሰለ ቀይ ሥር ለካ ገበያ አለው! መጥቶ ለበሰው፣ በስልኩ ካሜራ ራሱን ግራ ቀኝ አየ፣ ፊቱ ላይ የእኔን የዚያን ጊዜ ፊት አየሁበት።

"አምሮብኛል አይደል?" አለ።

"ሲያምርብህ! ማሽን አለህ?"

"የምን ማሽን?"

"ምንም አይደል። ሰባት ሺህ።"

በአሥራ ስምንት ሺህ የተገዛ ሱፍ፣ አንዴ የተለበሰ፣ ሰባት ሺህ። በዚያው ቀን የሁለቱን እሁድ አራት ሺህ ለዳኛዋ ወስጄ ሰጠሁ፤ የሚቀጥለውንም ሁለት ሺህ አስቀድሜ ከፈልኩ፣ ለጉራ። ከዚያ ጋሼ ሱቅ ተመልሼ ማሽኗን በእጄ አንስቼ ቦታዋ አስቀመጥኩና ሶኬቷን ሰካሁ። ማቃሰት ጀመረች። ቁልፍ ሊያስቀርጹ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ጋሼ ወደነሱ ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ አንድም እሁድ አልቀረሁም። ለቡ ሠራሁ፣ ጎፋ ሠራሁ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ከረምኩ። ጉልበቴ ከቄስ ጉልበት በላይ ስግደት ያውቃል። ሠላሳ ሰባተኛው እሁድ ላይ የመጨረሻዋን ሁለት ሺህ ስጥል ሰው ያጨበጭብልኛል ብዬ ዞር አልኩ፤ ሁሉም ሥጋ እየመረጠ ነበር።

የሚያጨበጭብ ቢጠፋም የሚመክር ግን ሞልቷል። ዕዳ እያለብህ ማንም አይመክርህም፤ የሰላምታው መጠን ራሱ ይቀንሳል። ዕዳህ አለቀ ሲባል ግን ሰፈሩ በሙሉ ባንክ ይሆናል። በጊዜው ከጎፋ ሥራ ሃያ ሁለት ሺህ ብር ተከፍሎኝ እጄ ላይ ነበር፤ ሽታው ወጣ መሰለኝ። ፀጉር ቆራጬ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ "ኳስ ላይ አስይዝ፣ በአንድ ቅዳሜ እጥፍ ነው" ይለኛል፤ እሱ ራሱ ባለፈው ቅዳሜ ማሽኑን አስይዞ በመቀስ ነው የሚቆርጠኝ። አከራዬ እማማ ደግሞ "የስድስት ወር ኪራይ አስቀድመህ ክፈለኝና ዕፎይ በል፣ ልጄ" ይሉኛል። ዕፎይ የሚለው ማን እንደሆነ አልተናገሩም። አንዱ ስልክ ቀይር አለኝ፤ ስልኬ ተሰንጥቆ ሰው ሲያየኝ ባዶ ኪስ ችስታ እመስላለሁ ነው የሚለው። ችስታ መምሰሌ እኮ ነው እስከ ዛሬ ያዳነኝ! ከአበዳሪ የባሰ መካሪ አለ፤ አበዳሪ ቢያንስ የራሱን ብር ነው የሚያወጣው።

እውነቱን ለመናገር ግን ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም ነበር። ማሽን የሚለው ሐሳብ አለ፤ ትልቁ አዲሱ ግን ዋጋው ሸሽቷል፣ በሃያ ሁለት ሺህ አይታሰብም። አዲሱ የእቁብ ዙር ተጀምሮ ስለነበር ገባሁበት፤ መዋጮውን ከትናንሽ ሥራ እያወጣሁ ሃያ ሁለቱን ሺህ አልነካሁም። የመጀመሪያው እጣ በደንባችን የዳኛዋ ነው። በሁለተኛው እሁድ እጣ ሲወጣ፣ ለማን ወጣ? ጂፕሰም ለሚሠራው ጓደኛችን። ይሄ ልጅ በዚያ ሰርግ ሁለተኛ ሚዜ ነበር፤ ስድስቱንም ጊዜ አብሮኝ ደረጃ ወርዷል። ተነሥቶ ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ ከዚያ በጣቱ እኔን አሳየ።

"ዋሴ እሱ ነው! ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው፤ አንደኛ ሚዜዬም እሱ ነው!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "ሠላሳ ሰባት እሁድ ከፍሎ የጨረሰ ልጅ ነው፤ ፊርማው ይበቃናል" አሉ። ብዕሩን ዘረጉልኝ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ! በሕይወቴ ፊርማዬን የፈለገ ሰው አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ፊርማ ለሰማንያ ሺህ ብር በቃ ተባለ። ብዕሩን ያዝኩት። የጋሼም ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

"ብሩን ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት። ድምፄን ስሰማው የእኔ አልመስል አለኝ።

"ሰርግ ነዋ! እየነገርኩህ!"

"ከሰርጉ ሌላስ?"

"ከሰርግ ሌላ ምን አለ? ምን ሆነሃል አንተ?"

"ከሰርጉ በኋላ በየእሁዱ በምን ትከፍላለህ?"

"ኧረ ሼባ ሆነህ የለም እንዴ! እሠራለኋ!"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ወንድሜ፣ አንተ ብትቀር እነዚህ ሰዎች ምኔን ይወስዳሉ? ዋስ ማለት የሚወሰድበት ያለው ሰው ነው። እኔ ማሽን የለኝም። የተከራየሁትን ላስይዝልህ?"

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ያንን ሱፍ መሰለ።

"አንተ ራስህ በሰው ፊርማ አይደል እንዴ ሰማንያ ሺህ የበላኸው? ጉረኛ! ዛሬ ሰው ሆንክ?"

እውነቱን ነው። ግን አልፈረምኩም። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ፀጉር ቆራጩ ዘው ብሎ ገብቶ ፈረመለት። ምን እንዳስያዘ አልጠየቅኩም፤ መቀሷ ትመስለኛለች።

ስንወጣ ከጋሼ ጋር አብረን ሄድን።

"ጋሼ፣ እርስዎ ለእኔ ፈርመው እኔ ለሱ ሳልፈርም ቀረሁ። ታዘቡኝ?"

"እኔ የፈረምኩት ለማሽን ነው" አሉ። "ሰርግ ብትለኝ ኖሮ አልፈርምልህም ነበር።"

ይሄን ያህል ጊዜ ስለሚወዱኝ የፈረሙልኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ አቃጠለኝ።

"ስንት አለህ?" አሉኝ ደግሞ።

"ሃያ ሁለት ሺህ።"

"ነገ ጠዋት ና። አብረን እናያለን።"

ሰኞ ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ጎፋ መጡ፤ አከራዩ ጋ። ሰውዬው እንዳየኝ ወንበሩን ሊያመጣ ሮጠ።

"ወንበሩ ይቅር" አልኩት። "ያቺን ማሽን ሽጥልኝ።"

"የቷን?"

"የእኔን። ሠላሳ ሰባት ሳምንት የያዝኳትን።"

"አሥራ ስምንት ሺህ" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

"አንተ ሰውዬ፣ በኪራይ እኮ ሃምሳ ሺህ ከፍዬባታለሁ! ሦስት ጊዜ ገዝቻታለሁ!"

"ኪራይ ሌላ፣ ሽያጭ ሌላ። እኔ አትግዛ ብዬሃለሁ? ወንበር ነው የሰጠሁህ።"

ጋሼ ጎንበስ ብለው ማሽኗን አስነሡ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አጠፉ፣ ደግመው አስነሡ። የታመመ ማሽን ድምፅ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። "የምትሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊያልቅ ነው" አሉ። አከራዩ ማለ፣ ተገዘተ፣ መጨረሻ ላይ ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ከአምስት መቶ ወረደ። ቆጥሬ ሰጠሁት። ከተረፈኝ ላይ ለሁለት እሁድ የሚሆን ለብቻ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

ተሸክሜያት ጋሼ ሱቅ መጣን፤ ኩሽኔታዋን ሊቀይሩልኝ። ከቁልፍ ማሽኗ አጠገብ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት። ድንች ጠባሿ ብቅ ብላ "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" አለች።

"የእኔ!" አልኳት። አራቴ ነው ያስደገምኳት ጥያቄውን።

ይሄን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ሙሽራው ነው፤ ባለትዳሩ። ከመቼ ወዲህ!

"ወንድሜ፣ ማሽን ገዛህ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ስማ፣ መታጠቢያ ቤቷን ሴራሚክ ላለብሳት ነው፤ ሌላ ሰው አላሰብኩም። ብሩን ወር ሲደርስ ቀስ ብዬ እከፍልሃለሁ። ሚዜዬ አይደለህ!"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ በዱቤ ሥራልኝ ይለኛል አልኳቸው። ጋሼ ከኩሽኔታው ላይ ቀና እንኳን አላሉም።

"ዋስ ይጥራ በለው" አሉ።

ነገርኩት።